ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት መመሰጋገን፦ ከዝግጅት እስከ ልጁ፣ ደረጃ በደረጃ

ልጅ ሲወለድ ቤቱ በሰው ይሞላል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ ገንፎው ይበላል፣ ክርስትናው ይነሣል። ከዚያ እንግዳው ይቀንሳል፤ ሥራው ይቀራል። ባልና ሚስት እንቅልፍ ያጣሉ። አንዱ የሌላውን ድካም ማየት ያቆማል። ምስጋናም ቀስ ብሎ ከቤት ይወጣል።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ለማስተካከል ይሞክራል። አንድ ሰሞን "አመሰግናለሁ" ሲባባሉ ይሰነብቱና ይተዉታል። ምክንያቱ ቃሉ ስለቀደመ፣ ማየቱ ስለቀረ ነው። ሥራው ሳይታይለት የተመሰገነ ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮው እንጂ ልቡ አይሰማም።

መመሪያው ከአራስነት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለምታሳድጉ ነው። ምሳሌዎቹን ያመጣሁት ከባሕር ዳር ኑሮ ነው። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱባቸው። በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉ።

ዝግጅት

1. አንድ ተራ ደብተርና እስክሪብቶ ኩሽና ውስጥ፣ ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልኩ ሲከፈት ቴሌግራምም አብሮ ይከፈታል፣ የተነሣችሁበትም ነገር ይረሳል።

2. ሰዓት ምረጡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት። ልጁም ይነጫነጫል፣ እናንተም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወይም ልጁ ከተኛ በኋላ ይሻላል።

3. የማይጀመርበትን ቀን እወቁ። የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሰሞን፣ ልጁ ትኩሳት ላይ እያለ፣ ወይም በጠብ ማግስት አትጀምሩ። በጠብ ማግስት የሚሰማ ምስጋና የእርቅ ማግባቢያ ይመስላል።

4. እናትየዋ ገና አራስ ከሆነች ከእሷ ምንም አትጠብቁ። ዝርዝር ጻፊ አትበሏት። እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ ከደረጃ 1 እስከ 3 ያለውን አባትየው ብቻውን ይሥራ።

ማስጠንቀቂያ። እናትየዋ ከወለደች በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተከፋች፣ ያለምክንያት የምታለቅስ ከሆነ፣ ወይም ልጁን ማቀፍ ካስጠላት፣ መመሪያውን አስቀምጡትና ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት የቀረባችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን። ብቻዋንም አትተዉአት። "ልጅ ሰጥቶሽ አመስግኚ እንጂ ምን ያስለቅስሻል" የሚለውን ንግግር ከቤታችሁ አስወጡት። ይህ ንግግር ሕመሟን እንድትደብቅ ያደርጋታል።

ደረጃ 1፦ የማይታየውን ሥራ አውጡት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ሦስት ቀን ስጡት።

1. እያንዳንዳችሁ ደብተሩ ላይ የሌላውን ሥራ ጻፉ። የራሳችሁን አትጻፉ። ይህች ሕግ ከተጣሰች ደብተሩ የክስ መዝገብ ይሆናል።

2. ሥራውን ከነሰዓቱ ጻፉ። "ልጁን ጠበቀች" አይበቃም። "ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ አጠባችው፣ አንሶላው ረጥቦ ስለነበር ቀየረችው" ብላችሁ ጻፉ።

3. በእጅ የሚሠራውን ስትጨርሱ፣ በጭንቅላት የሚሠራውን ፈልጉ። የሚረሳው እሱ ነው። የአጥሚቱ ዱቄት ሊያልቅ መሆኑን ማን ያውቃል? ክትባቱ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ ቀጥሎም በ9 ወርና በ15 ወር መሆኑን በልቡ የያዘው ማነው? የክትባት ካርዱስ የት እንዳለ? ማታ አጎበሩ ፍራሹ ሥር በደንብ መግባቱን ማን ያያል? በመስከረምና በጥቅምት ወባ ሲበረታ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

4. ከቤት ውጭ ያለውንም ጻፉ። ውሃ በሌሊት ሲመጣ ተነሥቶ ጀሪካን የሚሞላው፣ ከሰልና ሽንኩርት ከቅዳሜ ገበያ ተሸክሞ የሚመጣው፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ የሚከራከረው ሰው አለ። በፀሐይ ውሎ የደሞዝ ቀን እስኪደርስ የሚጨነቀውም አለ። የአባት ድካም ብዙ ጊዜ ከቤት ውጭ ስለሚያልቅ ቤት ውስጥ አይታይም።

5. በሦስተኛው ቀን ማታ ተለዋወጡና አንብቡ። ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። ለየብቻ፣ በዝምታ።

የራሳችሁን አትጻፉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 37 ጥንዶችን ከቤት ሥራው ስንቱ የእናንተ ድርሻ ነው ብለው ለየብቻ ጠየቁ። የባልና የሚስቱ ግምት ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በላይ ወጣ። ሰው የራሱን ልፋት ቶሎ ያስታውሳል፤ እጁ ላይ ያለፈ ነውና። የሌላው ግን ካልፈለጉት አይገኝም።

*ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?*

ገጹ ባዶ ከሆነ፦ ማየት አልቻላችሁም ማለት ነው። ቦታ ተቀያየሩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አባት ከልጁ ጋር ብቻውን ይዋል። እናት ከቤት ትውጣ፤ ቤት ከሆነች ልጁ ወደ እሷ ይሄዳል። ገና ለሚጠባ ልጅ ሰዓቱን አሳጥሩት። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት የሚገባ አባት አብዛኛውን አያይም። ግማሽ ቀን ቢያይ ገጹ ይሞላል።

አንዱ ብዙ ጽፎ ሌላው ትንሽ ከጻፈ፦ አትቁጠሩ። ብዙ የጻፈው ሰው "እኔ ይህን ያህል አይቼልሽ" ካለ በዚያው አቁሙ። ደብተሩን ዝጉና ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ጀምሩ።

ስታነቡ እንባ ከመጣ፦ ይምጣ። አታቋርጡት፣ ምክርም አትጨምሩበት።

ደረጃ 2፦ ምስጋናውን በወጉ ተናገሩ

ከደብተሩ አንድ ነገር ምረጡ። አንድ ብቻ። ከዚያ በዚህ ተራ ተናገሩ፦

1. ያደረገውን ጥቀሱ። "ትናንት ሌሊት ውሃ ስትቀዳ ሰማሁህ።"

2. ያተረፈላችሁን ንገሩት። "ጠዋት ልጁን ሳጥብ አልተሳቀቅኩም።"

3. መርቁ፣ ወይም አመስግኑ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

4. ዝም በሉ።

አራተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጀሪካኑን መንገድ ላይ አትተወው" ሲባል የሚሰማው ከ"ግን" በኋላ ያለው ብቻ ነው። ጥያቄም አታስከትሉ። "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ ወጡ ግሩም ነው፤ ነገ ጓደኞቼን ልጥራቸው?" ቢባል ሚስት ምርቃቱ ለምን እንደመጣ ወዲያው ይገባታል።

"ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" አትበሉ። ሁሉም ነገር የተባለው ምን እንደሆነ አታውቁትም፤ እንደማታውቁትም እሷ ታውቃለች።

*ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?*

"ምን ፈልገህ ነው?" ብላ ከሳቀች፦ አትቀየሙ። እስከ ዛሬ ምስጋናው ከልመና ጋር ሲመጣ ለምዳ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ምንም ሳትጠይቁ ቀጥሉ። ሳቁ እየቀነሰ ይሄዳል።

"ግዴታዬ ነው፣ ምን ያስመሰግናል" ካለ፦ አትከራከሩት። "አውቃለሁ፣ ግን አይቼዋለሁ" በቂ ነው።

አፋችሁ ከተያዘ፦ ለባል ወይም ለሚስት ፊት ለፊት ምስጋና መናገር ብዙዎቻችንን ያሳፍረናል። ጻፉትና ምሳ ዕቃው ውስጥ አስገቡት። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ገምተው ነበር። ያፍርብኛል ብለው የፈሩትም ከእውነታው በዝቶ ተገኝቷል። ፍርሃቱ በአብዛኛው የጸሐፊው ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ በዚያው ቀን አንድ ሥራ አንሡ

ምስጋና ሸክም ካልቀነሰ ከሳምንት በላይ አይቆይም። በዚህ ላይ እኔ አልደራደርም። "ጎበዝ ነሽ፣ ጀግና ነሽ" እየተባለች ብቻዋን የምትሠራ እናት ሙገሳው እየሰለቻት ይሄዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

1. ያመሰገናችሁበትን ሥራ ራሱን ወይም ጎኑ ያለውን ውሰዱ።

2. ሙሉውን ውሰዱ። ውሃውን ከወሰዳችሁ ጀሪካኑን ማጠብም፣ መቼ እንደሚያልቅ ማወቅም የእናንተ ነው። "ንገሪኝና እሠራለሁ" ማለት ጭንቀቱን እሷ ላይ መተው ነው።

3. ሥራውን በራሳችሁ መንገድ ሥሩት። ሰጪውም ዝም ይበል። ዳይፐሩ ቢጣመም፣ ልጁ የማይገጥም ካልሲ ቢያደርግ ምንም አይሆንም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ለእናት ግን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለ። ስለዚህ በአራተኛው ቀን አባት ሥራ ይገባል። የቀን ሥራ ማንሣት ካልቻለ የምሽቱንና የሌሊቱን ይውሰድ። ከጠባ በኋላ ልጁን ማስገሳት፣ ሽንት ጨርቅ መቀየር፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት ጡት አይጠይቅም።

ደረጃ 4፦ አያቶችን ማመስገን

እናት ወይም አማት ከዘጌ፣ ከመራዊ ወይም ከዳንግላ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ወር ትሰነብታለች። ሌሊት ልጅ ትይዛለች፣ ቀን ገንፎ ታገነፋለች። ይህንን እንግዳ መስተንግዶ አድርጎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው።

1. በአንቱታ፣ ሥራውን ጠርታችሁ አመስግኑ። "እማዬ፣ ሌሊት ልጁን ይዘውልኝ ባያድሩ ዛሬ አልነሣም ነበር። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።"

2. ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰበሰብ፣ እሷ በምትሰማበት፣ ያደረገችውን አውሩ። ለትልቅ ሰው በሰው ፊት መወራት ትልቅ ክብር ነው።

3. አማትን የማመስገኑ ሥራ በሚስት ላይ ብቻ አይጣል። ባል የገዛ እናቱን፣ ሚስትም የገዛ እናቷን ማመስገን ትረሳለች፤ የራስ እናት ስለሆነች ብቻ።

4. ስትሄድ ባዶ እጇን አትሸኟት። አቅም ካለ ጋቢ ወይም ነጠላ፣ ከሌለ ቡናና ስኳር። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ሰው ሳያይ እጇ ላይ አድርጉ። መኪና ወይም ጀልባ ድረስ ሸኟት። ማታ ደውላችሁ መግባቷን ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ። ምስጋናና እርማት በአንድ አፍ አይውጡ። ልጁ 6 ወር ሳይሞላው አያት ውሃ ልታጠጣው ወይም ቅቤ ልታልሰው ትችላለች። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ አይሰጠውም። ይህን በምስጋናው መሃል አትናገሩ። ሌላ ጊዜ ለብቻዋ አስረዷት። ካልተቀበለች ለክትባት ስትሄዱ ይዛችኋት ሂዱና ነርሷ ትንገራት። ከልጅ የማትሰማውን ከነርስ ትሰማለች፤ እናንተም አልተጋጫችሁም።

በምስጋናችሁ "ይበቃሻል፣ ሂጂ" ያላችኋት ከመሰላት፣ ወዲያው አንድ ነገር ለምኗት። "ይህን አጥሚት እንዴት እንደሚያበስሉት ያሳዩኝ" በሏት። ጥርጣሬው ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ ሞግዚትና ጎረቤት

ልጅ የምትይዝላችሁ ሞግዚት ቤታችሁ ካለች፣ የመጀመሪያው ምስጋና ደሞዟን በቀኑ መክፈል ነው። ሁለተኛው የዕረፍት ቀን። ሦስተኛው በስሟ መጥራት። እነዚህ ሳይሟሉ "እንደ ልጃችን ነሽ" አትበሏት። እነሱ ከተሟሉ በኋላ ደረጃ 2ን ለእሷም እንዳለ ተጠቀሙ። "ዛሬ ልጁ ወደ ከሰሉ ሲሄድ ሮጠሽ ያዝሽው፤ አየሁሽ፣ ተባረኪ።"

ለጎረቤት ዕቃ ባዶውን አትመልሱ። ያ በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ ልጁ

"አመሰግናለሁ በል! በል እንጂ!" እየተባለ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ የሚደበቅ ልጅ ያላየ የለም። ቃሉን ማስጠናት ቀላል ነው። የሚፈለገው ግን ከነገሩ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ማወቁ ነው። በዕድሜው ሂዱ።

*እስከ 1 ዓመት።* እሱን ምንም አትጠይቁት። እናንተ ስትመሰጋገኑ ይስማ።

*ከ1 እስከ 2 ዓመት።* በሁለት እጁ መቀበልን አሳዩት። እጆቹን በእጆቻችሁ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀበሉ። ቃሉን እናንተ በሉለት።

*ከ2 እስከ 3 ዓመት።* ማስታጠብ አስጀምሩት። ከምግብ በፊት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ግማሽ ውሃ ሞልታችሁ ስጡት፣ እጁን ደግፋችሁ ለአያቱ ያፍስስ። ውሃው ይፈስሳል፣ ልብሱ ይረጥባል፤ ተዉት። አያት "እደግ ተመንደግ" ብላ ትመርቀዋለች። ልጅ ምስጋናን ቀድሞ የሚማረው ተቀባይ ሆኖ ነው። መመረቅ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ልጅ፣ ለሌላው መስጠት አይከብደውም። ከመመሪያው ሁሉ አንድ ብቻ መርጣችሁ ሥሩ ብትሉኝ ለልጁ ይህን እመርጥላችኋለሁ።

*ከ3 እስከ 5 ዓመት።* "ማነው?" እያላችሁ ጠይቁ። የጣና ዓሣ ገበታ ላይ ሲቀርብ፦

1. "ይህን ቀረሶ ከሐይቁ ያወጣው ማነው?" አሣ አጥማጁ።

2. "ቅርፊቱን የገፈፈው፣ የጠበሰውስ?"

3. "እሾኹን የለቀመልህስ?" እዚህ ላይ ቀና ብሎ እናቱን ያያል።

4. ከዚያ በኋላ ብቻ "ምን እንበላት?" በሉት። መልሱን እሱ ይፈልግ። ቢስማት፣ ቢያጎርሳት፣ ያው ምስጋና ነው።

እሑድ ሐይቁ ዳር ወስዳችሁ ዓሣ የጫነ ታንኳ ሲመጣ አሳዩት። እጁን አትልቀቁ፤ ውሃውም ውስጥ አታስገቡት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ከሐይቁ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ስላለ ወደ ሸንበቆውና ደንገሉ አትጠጉ።

*ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?*

በሰው ፊት እምቢ ካለ፦ እናንተ አመስግኑለትና ወሬ ቀይሩ። ቤት ስትገቡ፣ ሲረጋጋ፣ "እትዬ ከረሜላውን ስትሰጥህ ፈራህ እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁት። የተሰጠውን አትንጠቁት።

"ይህን አልወደውም" ብሎ ስጦታውን ከወረወረ፦ አንሡት፣ ሰጪውን ይቅርታ ጠይቁ። አትምቱት። ማታ ሰጪው እንዴት እንደመረጠው ንገሩት።

ለከረሜላ ብሎ ማመስገን ከጀመረ፦ ከረሜላውን ቀስ በቀስ አቁሙና በምርቃት ተኩት።

ማስጠንቀቂያ። "ስንት ለፍቼብህ"፣ "ዘጠኝ ወር ተሸክሜህ" በልጅ ጆሮ አይነገር። ውለታ የተቆጠረበት ልጅ ዕዳ ይሰማዋል። ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ሲያይ ይሸሻል።

ደረጃ 7፦ የሳምንት ቡና

በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቢሆን ደስ ይላል፣ ቡና አፍሉ። ከሰሉንና ጀበናውን ልጁ ከማይደርስበት አድርጉ።

1. በአቦል፣ እያንዳንዳችሁ የሳምንቱን አንድ ምስጋና በደረጃ 2 ሥርዓት ተናገሩ። ልጁም ተራ ይኑረው። ዝም ካለም ዝምታው ይከበርለት።

2. በቶና፣ የከበዳችሁን ተናገሩ። ቅሬታ ካለ ቦታው እዚህ ነው። "ሌሊት ሌሊት በጣም ደክሞኛል" ይባላል፤ "አንተ እኮ ምንም አትሠራም" አይባልም።

3. በበረካ፣ የቀጣዩን ሳምንት ሥራ ተከፋፈሉ። ማን ምን እንደወሰደ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

እንግዳ ከመጣ አቦሏን ብቻ ጠጡና ሌላውን ለማታ አስተላልፉ። ጠብ ከተነሣ በቶናው አቁሙ፣ በማግስቱ ቀጥሉ። አንዳችሁ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የአቦሉን ምስጋና በድምፅ ቀርጻችሁ ላኩ። ልጁ ደጋግሞ ያስከፍተዋል።

ሁሉም አልሠራ ካለ

አንዱ ወገን ከወር በኋላም ጭራሽ ካልተባበረ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው፣ የክርስትና አባት ወይም ታላቅ እህት፣ አስገቡ። የምትነግሩት "አያመሰግነኝም" ብላችሁ አይሁን። የደብተሩን የሥራ ዝርዝር አሳዩት።

ቤቱ ውስጥ ዱላ፣ ስድብ ወይም ማስፈራራት ካለ ምስጋና መፍትሔው አይደለም። የሚመታን ሰው በማመስገን ማብረድ አይቻልም። ልጁን ይዛችሁ ወደ ቤተሰብ ሂዱ፤ ለፖሊስም አመልክቱ።

ሁለተኛ ልጅ ከመጣ ደብተሩን ከደረጃ 1 እንደገና ጀምሩት። የድሮውን ዝርዝር አትገልብጡ። ትልቁ ልጅ አሁን ሽንት ጨርቅ ማቀበል ይችላል፤ የእሱም ሥራ በስሙ ይጻፍ።